ሳይንቲስቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ



የዛሬው ርእስ በጎ ፈቃደኛ ሳይንቲስቶች በትምህርት ቤቶችና በማኅበረሰብ ስብስቦች ፊት የሚያደርጉት ንግግር ነው። በጎ ፈቃደኛ ሳይንቲስት የሚባለው በዩኒቨርሲቲ፣ በምርምር ማዕከል፣ በሆስፒታል ወይም በውሃና በግብርና መሥሪያ ቤት የሚሠራ ባለሙያ ሆኖ፣ ክፍያ ሳይጠይቅ ሙያውን ከሙያው ውጭ ላሉ ሰዎች ለማስረዳት የሚሄድ ነው። ዛሬ የሥራው አመጣጥ፣ የንግግሩ ርእስ የሚገኝበት ቦታ፣ ቋንቋው፣ ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ ያለው አድማጭ፣ በመጨረሻም ከንግግሩ በኋላ የሚቀረው ሥራ በየተራ ይነሣሉ። ሁሉንም የሚያያይዘው አንድ ሐሳብ ነው፦ እንዲህ ያለው ንግግር ፍሬ የሚያፈራው አድማጩ በየቀኑ ከሚያየው ነገር ሲነሣና ሳይንቲስቱም ከአድማጩ ለመማር ተዘጋጅቶ ሲመጣ ነው።

በመጀመሪያ፣ አመጣጡ። በለንደን የሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን እ.ኤ.አ. ከ1825 ጀምሮ በገና ሰሞን ለወጣቶች የሳይንስ ንግግር ያዘጋጃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ከመቋረጡ በቀር ልማዱ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በኤሌክትሪክና በመግነጢስ ግኝቶቹ የታወቀው ማይክል ፋራዴይ በዚህ መድረክ 19 ተከታታይ ንግግሮችን አቅርቧል። ከሁሉም በላይ የሚታወቅለት ስለ አንድ ሻማ የተናገረው ነው። ሻማው ሲቀልጥ፣ ሲተን፣ ሲነድና ሲጨስ እያሳየ ልጆቹን ወደ ኬሚስትሪ አስገባቸው። ሻማ ያላየ ልጅ በአዳራሹ አልነበረም፤ የንግግሩ ጉልበትም ይኸው ነበር።

በኢትዮጵያም የተማረ ሰው ወደ ሕዝቡ የሚሄድበት መንገድ አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግሉ ያዝዝ ነበር፤ ብዙዎቹም በመምህርነት አሳልፈውታል። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በመላ አገሪቱ ተሰማሩ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ማንበብና መጻፍ አስተማረ። እነዚህ የመንግሥት ዘመቻዎች ስለነበሩ በፈቃድ ላይ ከተመሠረተ አገልግሎት ጋር አንድ አይደሉም። ያም ሆኖ፣ ከከተማ የመጣ ተማሪ ገበሬ ቤት ተቀምጦ ስለ ጤናና ስለ መሬት ሲነጋገር ያገኘው ልምድ ለዛሬው በጎ ፈቃደኛ ቅርብ ዘመዱ ነው።

በፈቃድ የሚሠሩ ማኅበራት የመጡት ኋላ ነው። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተመሥርቶ ሥነ ፈለክን ለተማሪዎችና ለሕዝብ ሲያስተዋውቅ ቆይቷል፤ በእንጦጦ ጋራ ላይ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የቆሙበት ማዕከልም ከዚሁ እንቅስቃሴ የተወለደ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ በጉለሌ በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ቤት ተቀምጦ ሳይንስን ለሕዝብ ማድረስን ከተግባሮቹ አንዱ አድርጎታል።

ወደ ሐዋሳ እንምጣ። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ሲቋቋም የአዋሳ ግብርና ኮሌጅን፣ የወንዶ ገነት ደን ኮሌጅንና የዲላውን ኮሌጅ አንድ አደረገ። የግብርና ኮሌጁ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ይህ ማለት ከተማዋ ስለ አፈር፣ ስለ ደን፣ ስለ ዓሣ፣ ስለ ከብትና ስለ ሰው ጤና የሚመራመሩ ሰዎች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖረውባታል ማለት ነው። ከታቦር ተራራ ግርጌ ያለ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን ባለሙያ ለማግኘት አውሮፕላን አያስፈልገውም፤ የባጃጅ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የንግግሩ ርእስ ከየት ይገኛል የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ ተጋባዡ ሳይንቲስት የመመረቂያ ጽሑፉን አሳጥሮ ይመጣል። ተማሪው ግን የጥናቱን ዝርዝር ከየትኛውም የሕይወቱ ክፍል ጋር ስለማያያይዘው አጨብጭቦ ይሸኘዋል። የተሻለው መነሻ ተማሪው በእግሩ የሚደርስበት ነገር ነው፤ ለሐዋሳ ልጅ ከሐይቁ የሚቀርብ የለም።

የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ ግን ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ የለም። እዚህ ላይ ለተማሪዎች አንድ ጥያቄ ብቻ ማቅረብ ይበቃል፦ ወንዝ የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የሌለ ሐይቅ ውሃው በፀሐይ እየተነነ ጨዉን እያስቀረ መሄድ አለበት፤ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ብዙም ሳይርቅ ያለው የሻላ ሐይቅ ጨዋማ ሆኗል፤ ሐዋሳ ታዲያ ለምን ጨዋማ አልሆነም? ተማሪዎቹ ዝናቡን፣ ወንዙን፣ የሐይቁን ጥልቀት እየጠሩ ይከራከራሉ። ባለሙያዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ከሐይቁ ውሃ የተወሰነው ከምድር በታች እየሰረገ ይወጣል፣ ጨውንም ይዞ ይሄዳል የሚል ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትነት፣ የከርሰ ምድር ውሃና የስምጥ ሸለቆ ጂኦሎጂ አብረው ተነሡ፤ ማንም ቃል አላስጠናቸውም።

ከዚህ የሚከብደው ርእስ ቢልሃርዚያ ነው። የአንጀት ቢልሃርዚያ በሐዋሳ ሐይቅ ዙሪያ ያለ በሽታ ሲሆን ሐይቁ ውስጥ ገብተው መረብ የሚጥሉ አሣ አጥማጆችንና የሚዋኙ ልጆችን ያጠቃል። የበሽታው መንገድ እንዲህ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የጥገኛ ትሉ እንቁላል ከሰገራው ጋር በጎርፍ ታጥቦ ውሃ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና የሚወጣው እጭ አንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ፈልጎ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም እጅግ ይራባል። ከሳምንታት በኋላ ሌላ መልክ ያላቸው እጮች ከቀንድ አውጣው ወጥተው በውሃው ውስጥ ይዋኛሉ፤ የሰው ቆዳ ካገኙም ሰርስረው ይገባሉ። ትሎቹ በደም ሥር ውስጥ አድገው እንቁላል ይጥላሉ፤ ከእንቁላሉ ከፊሉ ጉበት ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀርና በዓመታት ውስጥ ጉበቱን ይጎዳል።

ይህ ሁሉ በሰሌዳ ላይ በቀስት ሲሣል አይያዝም። አንድ ባለሙያ ግን በጓንት የተለቀሙ ጥቂት ቀንድ አውጣዎችን ክዳኑ በጠበቀ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ በጥሩ ውሃ አድርጎ ያመጣል እንበል። ብልቃጡ ለብቻው መስኮት ዳር ፀሐይ ላይ ይቀመጣል። ባለሙያው ስለ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ልጆቹ ዓይናቸው ከብልቃጡ አይነሣም። ብርሃኑና ሙቀቱ እጮቹን እንዲወጡ ያደርጋቸዋል። ከቆይታ በኋላ ብልቃጡ ከጥቁር ወረቀት ፊት ሲያዝ፣ ዓይን ለጥቂት የሚለያቸው ጥቃቅን ነጫጭ ጭረቶች ውሃው ውስጥ ወደ ላይ ወደ ታች ሲሉ ይታያሉ። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ጭራቸው ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ሁሉም ቀንድ አውጣ እጭ አይለቅም፤ ጭራው የተሰነጠቀ ሁሉም ሰውን የሚያጠቃ አይደለም። ባለሙያው ይህንንም መናገር አለበት። ልጆቹ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነው ብለው አያምኑም። እጮቹ በብዛት የሚወጡት ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት መሆኑን ሲሰሙም፣ የጠዋት ፈረቃ ተምሮ ቀትር ላይ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ልጅ ነገሩ ስለ እሱ እንደሆነ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ከተማሪዎቹ አንዱ መጠየቁ አይቀርም፦ «አባቴ አሣ አጥማጅ ነው፤ ውሃ አይግባ ነው የምትሉት?» ይህ ጥያቄ የንግግሩ ዋና ፈተና ነው። «አዎ፣ አይግባ» የሚል መልስ የቤተሰቡን እንጀራ የዘነጋ ነው። የበሽታውን ሰንሰለት በትክክል ያስረዳ ባለሙያ ግን ሰንሰለቱ በብዙ ቦታ እንደሚበጠስ ማሳየት ይችላል፦ መጸዳጃ ቤት በመሥራት፣ ልጆች ከሚዋኙበት ዳርቻ ቀንድ አውጣውን በመቆጣጠር፣ ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት በጊዜው በመውሰድ። መድኃኒቱ ትሉን ይገድላል፤ ዳግም እንዳይገባ ግን አይከላከልም። አሣ አጥማጁ ከሌላው ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መመርመር ያለበት ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያ የሳይንስ ታሪክ የዚህን በሽታ ስም ያነሣ ሰው አክሊሉ ለማን አያልፍም። አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ስለ ቢልሃርዚያ ሲያጠና ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ ተመለከተ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። እነሱ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አገኘ። ከዚያ በመነሣት እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጠ። በአድዋ ለአምስት ዓመታት በተካሄደ የመስክ ሙከራ የበሽታው ሥርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል ተብሎ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኙ። ይህ ታሪክ ለተማሪ ሲነገር ብዙ ጊዜ ስለ ሽልማቱ ይነገራል። ይበልጥ ሊነገር የሚገባው ግን የወንዙ ዳር ነው። ዕውቀቱ በልብስ አጣቢዎቹ እጅ ነበር፤ ሳይንቲስቱ ቆም ብሎ አየ፣ ጠየቀ፣ ከዚያ መረመረ።

ሦስተኛው ነጥብ ቋንቋ ነው። የሐዋሳ ትምህርት ቤቶች ልጆች በቤታቸው ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይናገራሉ። ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ሳይንስን በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ተጋባዡም በዩኒቨርሲቲ የለመደውን የእንግሊዝኛ ስላይድ ይዞ ሲመጣ ተማሪው የማይገባውን ለመጠየቅ በማይተማመንበት ቋንቋ መናገር ይኖርበታል፤ ስለዚህ ዝም ይላል። በሕንድ የኬረላ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የኬረላ ሻስትራ ሳሂትያ ፓሪሻድ የተነሣው ሳይንስን በሕዝቡ ቋንቋ በማላያላም ለመጻፍና ለመናገር ነው፤ ከዚያም ወደ ብዙ መንደሮች የሚዘረጋ የሕዝብ ሳይንስ ንቅናቄ ሆነ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውም በአንድ ቋንቋ ብቻ ቢቀጥል ኖሮ የደረሰበት ቦታ ባልደረሰ ነበር። በሐዋሳ የሚናገር ሳይንቲስት ሲዳምኛ የሚችል ከሆነ በሲዳምኛ ይናገር፤ ካልቻለ ቋንቋውን የሚናገር ተመራቂ ተማሪውን ወይም የትምህርት ቤቱን መምህር አጠገቡ ያቁም። የፈተናው ቋንቋ እንግሊዝኛ ስለሆነ ዋና ዋናዎቹ ስያሜዎች በሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛም ቢጻፉ ይጠቅማል። ጥያቄው ግን ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ መምጣት አለበት።

አራተኛው ነጥብ ከትምህርት ቤት አጥር ውጭ ያለውን አድማጭ ይመለከታል። እዚህ ተማሪ የለም፤ ደብተር የያዘም የለም። ስብሰባው የእድር ይሆናል፣ የሴቶች ማኅበር ይሆናል፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መልስ የሚደረግ ሊሆን ይችላል፤ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት የተሰበሰበበትም ይሆናል። አድማጩ ትልቅ ሰው ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ሲያዳምጥ የሚፈልገው ነገ የሚሠራበትን ነው።

ለምሳሌ ፍሎራይድን እንውሰድ። በስምጥ ሸለቆ ውስጥ የእሳተ ገሞራ ዐለት በመብዛቱ በብዙ ቦታ የጉድጓድ ውሃ ከፍተኛ ፍሎራይድ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ የሚጠጣ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ እጅግ ሲበዛና ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ አጥንትን ያጎብጣል፤ በወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ለረጅም ጊዜ የታየው ይኸው ነው። ወላጆች የልጆቻቸው ጥርስ የበለዘው ባለመፋቅ ይመስላቸዋል፤ ልጆቹም አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይስቃሉ። ሳይንቲስቱ ጥፋቱ የልጁ እንዳልሆነ ሲናገር በስብሰባው ላይ የሚሰማው እፎይታ ብቻውን ለመምጣቱ በቂ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ሁለት ነገር መነገር አለበት። አንደኛ፣ ውሃን ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውሃው ሲተን የሚቀረው ፍሎራይድ እንዲያውም ይጠናል። ሁለተኛ፣ ቋሚ ጥርስ የሚሠራው በአመዛኙ እስከ ስምንት ዓመት ዕድሜ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ፍሎራይዱ አነስተኛ የሆነ ውሃ በጥቂቱ ብቻ የሚያገኝ ከሆነ መጀመሪያ ለሕፃናቱ ይስጥ። አንዱ ጉድጓድ ከሌላው በእጅጉ ስለሚለያይ፣ የትኛው ለመጠጥ የትኛው ለልብስ ማጠቢያ ይሁን የሚለውን የሚመልሰው ምርመራ ነው። ባለሙያው ናሙና ተቀብሎ ውጤቱን ካላመጣ ስጋት ጥሎ መሄዱ ነው።

በእንሰት ጉዳይ ደግሞ ተናጋሪና አድማጭ ቦታ የሚለዋወጡበት ጊዜ አለ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ በኢትዮጵያ መኖሩ በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የታመመውን ግንድ የቆረጠ ቢላዋ ወደ ጤነኛው ሲሄድ በሽታውን ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ቢላዋውን በእሳት መለብለብ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከብት እንዳይበላው መከልከል ያስፈልጋል። ይህን ተመራማሪው ያውቃል። ነገር ግን የትኛው የእንሰት ዓይነት በሽታን እንደሚቋቋም፣ የትኛው ጥሩ ቡላ እንደሚሰጥ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን በስም እየለዩ የሚያውቁት ሲፍቁና ቆጮ ሲያዘጋጁ የኖሩት የሲዳማ እናቶች ናቸው። ከእንዲህ ዓይነት ስብሰባ የዓይነቶቹን ስም ሳይመዘግብ የተመለሰ ተመራማሪ ለምርምሩ የሚሆነውን ጥሎ ተመልሷል።

የመጨረሻው ነጥብ ከንግግሩ በኋላ ስላለው ሥራ ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። የአንድ ቀን እንግዳ ይህን ይለውጣል ማለት ሕዝብን ማታለል ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው፣ የፊዚክስ መምህር የጎደለው ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ቤተ ሙከራና መምህር ነው። በጎ ፈቃደኛው የሚችለው ሌላ ነገር ነው፦ መምህሩን ማገዝ። መምህሩ ስድሳና ከዚያ በላይ ተማሪ በያዘ ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ይውላል፤ እንግዳው ሄዶ እሱ ይቀራል። ስለዚህ ርእሱን ከመምህሩ ጋር አስቀድሞ መምረጥ፣ ከትምህርቱ ምዕራፍ ጋር ማገናኘት፣ ያገለገለውን አጉሊ መነጽርና ብልቃጥ ለሳይንስ ክበቡ ትቶ መሄድ ከንግግሩ ይዘት የማይተናነስ ዋጋ አለው።

ለሴት ተማሪዎች ማን ቆሞ እንደሚናገር ራሱ ትምህርት ነው። በጎጃም ፍኖተ ሰላም አካባቢ በገበሬ ቤተሰብ ያደገችው ሰገነት ቀለሙ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆና እ.ኤ.አ. በ2013 በናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መምራት ጀመረች፤ በ2014 ደግሞ የሎሬያል-ዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተቀበለች። ሆኖም ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ ይበልጥ የምትቀርባት በዚሁ ከተማ በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የምትሠራው፣ ነገ በመንገድ ላይ ልታገኛት የምትችለው ሴት ናት። ጋባዦች ስም ሲያወጡ ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ትምህርት ቤቱም የራሱ ድርሻ አለው። የበጎ ፈቃደኛው ጊዜ ነጻ ቢሆንም የትራንስፖርት ወጪው ነጻ አይደለም፤ ወጣት ተመራማሪ ከደመወዙ እየከፈለ ለብዙ ጊዜ አይመላለስም። ርእሰ መምህሩ፣ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረቱና ዩኒቨርሲቲው ይህን ተነጋግረው ቢወስኑ ሥራው በአንድ ሰው ጽናት ላይ ብቻ አይንጠለጠልም። ቀኑም ይመረጥ፦ ከፈተና ሳምንት ይራቅ፣ ለሁለቱም ፈረቃዎች ይዳረስ። መብራት ቢጠፋ የሚቀጥል ዝግጅት ይሁን፤ ሰሌዳ፣ ጠመኔና በእጅ የሚያዝ ነገር ይበቃል። ሚኒ ሚዲያው ከሳምንት በፊት ርእሱን ያስነግር፤ ተማሪዎች ጥያቄያቸውን በወረቀት ጽፈው ሳጥን ውስጥ ይክተቱ፤ በሕዝብ ፊት መናገር የሚያፍሩት በዚህ ይካተታሉ። ሳጥኑ ከንግግሩ በፊት ለሳይንቲስቱ ይድረሰው። መልስ ያላገኙትን ጥያቄዎች ይዞ ወደ ላቦራቶሪው ይመለስ፤ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ያንኑ ክፍል ሲጎበኝ ንግግሩን ከእነዚያ ጥያቄዎች ይጀምር።